በጥርኝ ዱካ ላይ

ልጅ ሳለሁ የአያቴ ዓይን እኔ ነበርኩ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው፣ ብርሃንን ከጨለማ ይለዩ እንደሆን እንጂ ቅጠልን ከቅጠል፣ ዱካን ከዱካ መለየት አይችሉም ነበር። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ ያኔ ነቀምትን ለቀምት ነበር የምንላት። ከቤቱ ኋላ ቡና፣ ከቡናው በታች ጫካ፣ ከጫካው በታች ወንዝ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብም ይሁን ፀሐይ፣ አያቴ ጫፉ ብረት የሆነውን በትራቸውን በቀኝ፣ የእኔን እጅ በግራ ይዘው በዚያችው በአንዲቱ መንገድ ይወርዳሉ፤ እስከ ወንዙ ሄደን እንመለሳለን። ከስድስት ዓመቴ እስከ አሥር ዓመቴ ያቺን መንገድ ስንት ጊዜ እንደወረድኳት እግዚአብሔር ይወቀው።

«ምን አየሽ፣ ኢንተላ?» ይሉኛል በየጥቂት እርምጃው። ኢንተላ ሴት ልጅ ማለት ነው። የቤታችን ቋንቋ ኦሮምኛ ነበር፤ ይህን የምጽፍበትን አማርኛ ያገኘሁት በኋላ ከትምህርት ቤት ነው፣ እሱም ስድስተኛ ክፍል ድረስ።

እኔም ያየሁትን እናገራለሁ። ዋንዛው አበባውን አራግፏል። ከርከሮ ማታ እዚህ ቆፍሯል። ብሳናው ላይ አምስት ጉሬዛዎች አሉ፤ አንዷ ነጭ ግልገል ታቅፋለች። እሳቸው ደግሞ የጎደለውን ይሞሉልኛል፦ የጉሬዛ ግልገል ነጭ ሆኖ ይወለዳል፣ ጥቁሩን የሚለብሰው ሲያድግ ነው፤ ከርከሮ በዚህ በኩል ከቆፈረ ዝናቡ ሊገባ ነው። ያላዩትን ነገር ከእኔ አፍ ተቀብለው፣ ከእኔ ይበልጥ አይተውት ይመልሱልኝ ነበር። ዛሬም የማውቀው ዛፍ ሁሉ ከዚያች መንገድ የመጣ ነው።

የተሳሳትኩ ቀን ግን ወዮልኝ። አንድ ጊዜ ብሳናን ግራዋ አልኩ። አያቴ ቆሙ፤ ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት። «ሳማ ፈልጊ» አሉኝ በረጋ ድምፅ። ሳማውን ራሴ ፈልጌ፣ በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ቀጥፌ ሰጠኋቸው። እግሬን እንድዘረጋ አደረጉና ከጉልበቴ በታች እስከ ቁርጭምጭሚቴ አሹኝ። መዳፋቸው ከመወፈሩ የተነሳ እሳቸውን ሳማው አይነካቸውም ነበር። «አሁን አትረሺውም» አሉኝ፣ እጄን ያዙና መንገዳችንን ቀጠልን። ያሉት እውነት ነው፣ አልረሳሁትም።

ከቤታችን ጀርባ ሴት የማትገባባት አንዲት ጎጆ ነበረች። አያቴ ወንድ ጥርኞች ያረቡባት ነበር እንዳልል፣ እዚያ የሚራባ ነገር አልነበረም፤ ያስሩባት ነበር። ጥርኝ ከጅራቱ ሥር ዝባድ የሚባል ሽታው የበረታ ቅባት ያወጣል፤ አያቴ በየዘጠኝ ቀኑ በቀንድ ማንኪያ እየፋቁ በበሬ ቀንድ ውስጥ ያጠራቅሙታል። ነጋዴው ወደ አዲስ አበባ ይወስደዋል፤ ከዚያ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የፈረንጅ ሴቶች ሽቶ ይሆናል ይሉን ነበር። እያንዳንዱ ጥርኝ በሐረግ በተጠፈረ የእንጨት ማጎሪያ ውስጥ ይተኛል፤ ማጎሪያው እንስሳው ዞሮ እንዳይነክስ ሆን ተብሎ የጠበበ ነው፣ ወደ ፊት መግቢያ፣ ወደ ኋላ መፋቂያ። ሙቀት ዝባዱን ያበዛዋል ስለሚባል ፍሙ ሌት ተቀን አይጠፋም። ሴት ዓይኗን ከጣለችበት ደግሞ ጥርኙ ይነፍጋል ይባላል። ለዚህ ነው እኔ ከደጃፉ አልፌ የማላውቀው።

ተረቱ የሚነገረው እዚያች ደጃፍ ላይ ነበር። ሲመሻሽ አያቴ ጀርባቸውን ለፍሙ ሰጥተው የበሩ መድረክ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከውጭ ግንድ ላይ። የፍሙ ብርሃን ከኋላቸው ስለሚመጣ ፊታቸው ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ብቻ ይቀላል፤ ጢሱ በሣር ክዳኑ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ እሳቸው ዝም ባሉ ቁጥር ከወዲያ ጥፍር እንጨት ሲቧጥጥ ይሰማል። ሌሎች ልጆች የሚሰሙት ተረት በሠርግ ወይም በሳቅ ያልቃል። በአያቴ ተረት ውስጥ ግን የሚድን አልነበረም። ብዙውን ረስቼዋለሁ፣ አንዱን ግን እንደነገሩኝ እዚህ ላይ ላስፍረው።

ድሮ ጥርኝ ሽታ አልነበረውም፤ ድምፁ ግን የዋሽንት ነበር። አንድ ቀን ነብር ሚዳቋን ሲያሳድዳት፣ ሚዳቋ ግልገሏን ለጥርኝ አደራ ሰጠችው። ጥርኝም ግልገሏን ሾላ ሥር ደብቆ፣ ዋቃ ምስክሬ ይሁን፣ አፌን አልከፍትም ብሎ ማለላት። ነብር መጥቶ ጠየቀው፤ ዝም አለ። ጥፍሩን አሳየው፤ ዝም አለ። ግን ፈራ፤ ከፍርሃቱ የተነሳ ከገላው አንድ ነገር ጠብ ጠብ ይል ጀመር፣ ከነብሩ ሸሽቶ ወደ ግልገሏ በሄደበት መንገድ ሁሉ። ነብር ያንን እያሸተተ ሾላው ሥር ደረሰ። ሚዳቋ ስትመለስ ያገኘችው የግልገሏን ሰኮና ብቻ ነበር። «አልተናገርኩም» አላት ጥርኝ። እሷም ድምፁን ረግማ ወሰደችበት፣ ሽታውን ግን ተወችለት።

«የጥርኙ ጥፋት ምንድን ነው፣ አካኮ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አያትን አካኮ ነው የምንለው።

«ጥፋት ነው ማን አለ» አሉኝ። «የሆነውን ነው የነገርኩሽ። በይ ግቢ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች።»

ዘጠነኛ ዓመቴን በያዝኩበት ክረምት፣ በወንዙ መንገድ፣ ከአንድ ሾላ አጠገብ ባለው ጭቃ ላይ አንድ የጥርኝ ዱካ አየሁ። የጥርኝ ዱካ የውሻ ይመስላል፣ ክብ ብሎ አራት ጣት ከነጥፍሩ። የዚህኛው ግራ የፊት እግር ግን ሦስት ጣት ብቻ ነበረው። ለአያቴ ነገርኳቸው፤ ጎንበስ ብለው በሌባ ጣታቸው ጭቃውን ዳሰሱና ፈገግ አሉ፣ ፈገግታቸው ውድ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሦስት ጣትን እፈልገዋለሁ። የት ውሃ እንደሚጠጣ አወቅሁ። ጥርኝ ኩሱን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚጥለው፤ የእሱም ቁልሉ ዶቅማው ሥር ነበር፣ በላዩ ላይ የቡና ፍሬና የሾላ ዘር ይታያል፣ ከዳሩ ደግሞ ትንንሽ የቡና ችግኝ በቅሏል። ይህን ሁሉ ያንድ ጓደኛዬን ወሬ እንደማወራ እየፈነጠዝኩ ነገርኳቸው። እሳቸው እየሰሙ አልፎ አልፎ ይቆሙና በትራቸውን መሬት ውስጥ ጠለቅ አድርገው ሰክተው ይነቅሉታል። ደክሟቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዱካው የለም። በሚቀጥለውም የለም። የኩሱ ቁልል ደርቆ ሻግቷል።

«ሦስት ጣት ጠፋ፣ አካኮ» አልኳቸው፤ ልቅሶዬ መጥቶ ነበር።

«አገሩ ሰፊ ነው» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን አያቴም እናቴም ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። እኔንና ታናሽ እህቴን ጃለኔን ቤት ተዉን፤ ጃለኔ ያኔ አራት ዓመቷ ነው፣ ምሳዋን በልታ እንቅልፍ ወሰዳት። ወደ ጎጆዋ ጀርባ ዞርኩ። ጭቃው የተሰነጠቀበት ቦታ ነበር፤ ዓይኔን ለጠፍኩበት። ጢሱ ሲለቀኝ ማጎሪያዎቹን ቆጠርኩ። ሦስት ናቸው ሲሉ ነበር የምሰማው፣ አሁን ግን አራት ናቸው። አራተኛው ግድግዳው አጠገብ ነበር፣ እጄን ባስገባ የምነካው ያህል። በእንጨቶቹ መካከል አንድ እግር ወጥቷል። ሦስት ጣት።

አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ፍሙ በዓይኑ ውስጥ ይታያል። እኔ ያየሁት ጭቃ ላይ ሲሮጥ ስለነበር፣ እንዲህ ዝርግ ብሎ፣ አፍንጫው ከእንጨት ጋር ታሽቶ ተልጦ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ሴት ካየችው ይነፍጋል። ከነፈገ ደግሞ ይለቁት ይሆናል አልኩ። ስለዚህ ዓይኔ እስኪያብጥ፣ ጃለኔ ነቅታ እስክትጣራ ድረስ አየሁት፤ እየጸለይኩ አየሁት። በዘጠነኛው ቀን አያቴ ከጎጆዋ ሲወጡ ለእናቴ የነገሯት ጆሮዬ ገባ፤ «አዲሱ ከሁሉም አብልጦ ይሰጣል» አሉ።

እናቴን በጓሮ አግኝቼ፣ ለምን አይለቁትም አልኳት።

ጎመን ትቀነጥስ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «ደብተርሽ ከየት የመጣ ይመስልሻል? የለበስሽውስ? ሂጂ ውሃ ቅጂ።»

ከዚያ ወዲያ ለመዋሸት ቆረጥኩ። እሑድ በቤተ ክርስቲያን አትዋሹ ተብሎ ተምሬያለሁ፤ ቢሆንም እግዚአብሔርን ቀስ ብዬ ጠየቅሁት፣ ለቅዳሜ ብቻ ነው አልኩት። ሌላ ነገር ሁሉ ለአያቴ እሰጣለሁ፤ የጉሬዛውን፣ የድኩላውን፣ የጅግራውን። የጥርኝን ዱካ ብቻ አልነግራቸውም። ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረግሁ። ዱካው እግራችን ሥር እያለ፣ «ምን አየሽ?» ሲሉኝ፣ «ምንም፣ አካኮ» እላቸዋለሁ፤ እንዳላየሁ መስዬም ዱካውን በባዶ እግሬ እረግጠዋለሁ። እሳቸው እጄን እንደያዙ ቆም ይሉና በትራቸውን መሬት ላይ ሰክተው ይነቅላሉ፤ «እሺ፣ እንሂድ» ይላሉ። በሆዴ፣ አንዱን አዳንኩ እላለሁ።

ማታ ማታ ከጎጆዋ የሚመጣው የጥፍር ድምፅ ግን በዛ። አምስተኛ ማጎሪያ ተሠራ፤ ቆይቶም ስድስተኛ። ለአያቴ ጥርኝ የሚያጠምዱት ኦቦ ዳባ የሚባሉ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ ሰው ነበሩ፤ መረቡን ከሌላ ጫካ ዘርግተው ያመጧቸዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የእኔዎቹ ደኅና ናቸው አልኩ።

አንድ ቀን ሲመሻሽ ኦቦ ዳባ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። እኔ ግንዴ ላይ ነበርኩ፣ አያቴ መድረኩ ላይ። ጥቅሉን ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። ማር ነበር፣ ከነሰፈፉ።

«ድርሻሽ ነው» አሉኝ ኦቦ ዳባ።

«የምኑ?»

«የስድስተኛው ነዋ። ምን አይነት ወንድ መሰለሽ፣ መረቡን ሊበጥስብኝ። የበትሩን ቀዳዳ ተከትዬ ሄድኩ፣ እሑድ እናንተ ስትዘምሩ እኔ መረብ እዘረጋለሁ፤ ከቀዳዳው አንድ ክንድ አልራቀም። ኧረ እንዲህ ያለ ዓይን ለእኔም በሰጠኝ።»

«እኔ ምንም አልተናገርኩም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ኦቦ ዳባ ወደ አያቴ ዞረው ሳቁ። «አቦ፣ ልጅቷ አልነገርኩም ትላለች። የሰማይ ወፍ ነግራዎት ነው?»

አያቴ አልሳቁም። «እጅሽን» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። እንደ ቅዳሜው በግራ መዳፋቸው ያዙትና ፊታቸውን ወደ ጨለመው ጓሮ መለሱ።

«ዋንዛ» አሉ። «ብሳና። ጉሬዛ።» እያሉ እጄን በጣታቸው ያዳምጡ ነበር። «ሳማ» ሲሉ እጄ ትንሽ ተኮማተረ፤ ኦቦ ዳባ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አያቴ ቆዩ፣ በጣም ቆዩ፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ እጄን እንደ ጨርቅ ለቀቅኋት።

«ጥርኝ» አሉ።

እጄ ዘለለች። እኔ አላዘዝኳትም፤ በመዳፋቸው ውስጥ እንደ ተያዘ ጫጩት ተንፈራገጠች። ሁለቱም አወቁ፣ እኔም አወቅሁ።

«ዓመት ሙሉ ምንም እያልሽ ሦስት መንገድ ጠቆምሽኝ» አሉኝ አያቴ፣ ያለ ቁጣ፣ ብሳናን በጣታቸው በዳሰሱበት ዓይነት እርጋታ። «ሁለቱን ያዝን፤ አንዱ መረብ ውስጥ ሞተ። አፍሽ ሲናገር ይሳሳት ነበር፣ ብሳናን ግራዋ ይል ነበር። እጅሽ ተሳስቶ አያውቅም። ተረቱን ነግሬሽ አልነበር? በይ ማርሽን ብዪ።»

አልበላሁትም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። በላሁት። ሁለቱም እየጠበቁኝ ነበርና እያለቀስኩ በላሁት፣ ጣፋጭ ነበር።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ። ጠዋት ወደ አጥሩ ሄጄ ሳማ ቀጠፍኩና ቀኝ መዳፌን አሸሁት፣ ውስጡንም ጀርባውንም፣ በጣቶቼም መካከል። ከሰዓት ሲደርስ እጄ አብጣ፣ ቀልታ፣ ያለማቋረጥ ትንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ለዋንዛውም ለብሳናውም፣ ለባዶ መሬትም ትንቀጠቀጥ አልኩ። አያቴ ያዟት። ቡናውን ሳንጨርስ ቆሙ። በአውራ ጣታቸው መዳፌ ላይ የተነሳውን እብጠት አንድ በአንድ ዳሰሱት፣ ጭቃ ላይ ያለ ዱካ እንደሚዳስሱ። አንድ ቃል ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ መምታትም ቢሆን፣ ማቀፍም ቢሆን። ዞሩና በትራቸው እየመራቸው ወደ ቤት ተመለሱ፣ እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ መንገድም ተረትም አልነበረኝም። ግንዴ ላይ ብቀመጥ እንኳ አያቴ ዝም ብለው ፍሙን ይቆሰቁሳሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ለጃለኔ ንጹሕ ቀሚስ አለበሰቻት። አምስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ከደጃፍ ቆሜ አየኋቸው፤ ትንሿ እጇ በትልቁ መዳፍ ውስጥ ጠፍታለች፤ ቡናው ሳይሸፍናቸው፣ «ምን አየሽ፣ ኢንተላ?» ሲሉ ሰማሁ፤ የእሷም ድምፅ እንደ ደወል ሲመልስ ሰማሁ።

ልነግራት እችል ነበር። ማታ አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፤ ጆሮዋ አጠገቤ ነበር። ግን ብነግራት እሷም ዝም ልትል ነው፣ ዝም ስትል ደግሞ እጇ ይናገራል። ሳታውቅ ብትናገር ይሻላል ብዬ ተውኳት። ትክክል ይሁን ስሕተት፣ ይኸው ዛሬም በጸሎቴ ላይ አነሳዋለሁ። ሦስት ጣት በሁለተኛው ዓመት ማጎሪያው ውስጥ ሞተ፤ ቆዳውን ገፈው ከአጥሩ ላይ ሲያሰጡት አየሁ። አያቴም ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ስቀብራቸው አለቀስኩ። ክፉ ሰው ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ ያንን ሁሉ ዛፍ በልቤ የተከሉት እሳቸው ናቸው፣ ልጆቼንም በወንዝ ዳር ስወስድ የምነግራቸው የእሳቸውን ቃል ነው። ብቻ ልጆቼን እጄን አላስይዛቸውም። ትንንሽ እያሉ የነጠላዬን ጫፍ ነበር የምሰጣቸው፤ ሰው ኩራት ይመስለው ነበር፣ የሳቁብኝም አሉ።

ጃለኔ አሁን እሷም እናት ናት። ለገና ስትመጣ ከጎኔ ትቀመጥና የልጅነታችንን ታነሳለች። ለእሷ ያ ዘመን የቅዳሜው መንገድ፣ የጉሬዛው ግልገልና ኦቦ ዳባ የሚያመጡላት ማር ነው፤ ከዚያ የጣፈጠ ነገር በሕይወቴ የለም ትላለች። እኔ እሰማታለሁ። አምና ታዲያ፣ ወሬው ሞቅ ብሎላት ሳላስበው እጄን ያዘችና፣ «የዚያ የጥርኙ ዱካስ ትዝ ይልሻል?» አለችኝ።

ከዚያ አቋረጠች። እጄን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

እጄን ግን አልለቀቀችም።